ከመርጨት አስቀድሞ መቁጠር፦ የእጅ ስልክና የሰብል ጥበቃ በሐይቅና በአምባሰል



በዚህ እትም የምናቀርበው ትምህርት ስለ አንድ አዲስ መሣሪያና ስለ አንድ ጥንታዊ ሥራ ነው። መሣሪያው በየኪሳችን የገባው የእጅ ስልክ ሲሆን፣ ሥራው ደግሞ ገበሬው ማሳውን እየተዘዋወረ የመጎብኘትና ሰብሉን ከተባይ የመጠበቅ ሥራ ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የሰብልን በሽታና ተባይ ለመለየት የሚረዱ፣ ማስጠንቀቂያ የሚያስተላልፉና ምክር የሚሰጡ የስልክ መተግበሪያዎች፣ በተለምዶ «አፕ» የምንላቸው፣ ወደ አገራችን ገብተዋል። ስለ እነርሱ የሚነገረው ብዙ ነው፤ አንዳንዱ እንደ ተአምር ሲያወራላቸው፣ ሌላው ደግሞ «ለገበሬ ምን ይረባዋል?» ብሎ ይንቃቸዋል። እኛ ሁለቱንም አስተያየት ለጊዜው ወደ ጎን ትተን፣ በሐይቅ ዙሪያና በአምባሰል የሚኖር ባለ ትንሽ ማሳ ገበሬ ከዚህ መሣሪያ በእርግጥ ምን ሊጠቀም እንደሚችል፣ ከምንስ ሊጠነቀቅ እንደሚገባው ደረጃ በደረጃ እንመለከታለን።

የትምህርቱን ፍሬ አስቀድመን በአጭሩ እንናገር። ስልክ ተባይን አይገድልም። ጥቅሙ ገበሬው ከመርጨቱ በፊት እንዲያይ፣ ካየ በኋላ እንዲቆጥር፣ ከቆጠረ በኋላም ያገኘውን ለጎረቤቱ እንዲያካፍል መርዳቱ ነው። ይህ ከሌለ ግን ስልኩ ወደ መርዝ ጠርሙስ የሚያደርስ አቋራጭ መንገድ ከመሆን አያልፍም።

1. የአካባቢው ጠባይ

የሐይቅ ከተማ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በተሁለደሬ ወረዳ ይገኛል፤ ከዚያ አለፍ ብሎ ዋና ከተማው ውጫሌ የሆነው የአምባሰል ወረዳ ነው። ምድሩ ከቆላ እስከ ደጋ የሚወጣና የሚወርድ በመሆኑ፣ በአጭር የእግር መንገድ ውስጥ ብዙ ዓይነት ሰብል ይታያል፤ ዝቅ ባለው ሥፍራ ማሽላ፣ ጤፍና በቆሎ፣ ከፍ ባለው ደግሞ ስንዴ፣ ገብስና ባቄላ ይዘራል። የብዙው ቤተ ሰብ የእርሻ ይዞታ ከአንድ ሄክታር ያነሰ ነው። ከዚህም የተነሣ አንድ ጥማድ ማሳ በተባይ ቢጠፋ የሚጎድለው የገበያ ትርፍ ብቻ ሳይሆን የልጆች የክረምት ቀለብ ነው።

ሁለተኛው የአካባቢው ጠባይ ሐይቁ ራሱ ነው። ከዙሪያው ተዳፋት የሚወርደው ውሃ ወደ ሐይቁ ይገባል እንጂ፣ ከሐይቁ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለም። ስለዚህ በተዳፋቱ ላይ የተረጨ መርዝ ከአፈር ጋር ታጥቦ በወረደ ጊዜ የሚያልፍበት ሌላ መንገድ የለውም። ዓሣ አስጋሪው፣ ከብት የሚያጠጣው እረኛና ልብስ የምታጥበው እናት ሁሉም የሚደርሱት ወደዚያው ውሃ ነው። ባለ ማሳው በራሱ መሬት ላይ የሚወስደው ውሳኔ፣ በዚህ አገር፣ የራሱ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ሦስተኛ፣ የወሎ ገበሬ ከተባይ ጋር ዛሬ አልተዋወቀም። የማሽላን አገዳ የሚቦረቡረውን አገዳ ቆርቁር፣ ሥር ላይ ተጣብቆ ሰብሉን የሚያቀጭጨውን የአቀንጭራ አረም፣ ጤፍን የሚበላውንና በሳይንሱም ዓለም በወሎ ስም የሚጠራውን ደገዛ የተባለ ፌንጣ፣ ስንዴን የሚመታውን ዋግ፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህም ባቄላን የሚያኮማትረውን ቆርምድ ያውቃል። የሚያውቀውንም በስሙ ጠርቶ፣ በወቅቱ ጠብቆ ሲከላከል ኖሯል። ችግሩ የከፋው አባቶቹ ስም ያላወጡለት፣ ወቅቱንም ያልነገሩት ተባይ በመጣ ጊዜ ነው።

2. ከሩቅ የመጣው ተምች

ይህ ተባይ «የአሜሪካ መጤ ተምች» ይባላል። የትውልድ አገሩ ሞቃታማው የአሜሪካ ክፍል ሲሆን፣ በ2008 ዓ.ም. በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ታየ፤ ወደ ኢትዮጵያ ደግሞ በየካቲት 2009 ዓ.ም. በደቡብ ምዕራብ በኩል፣ በሸካ ዞን የኪ ወረዳ መግባቱ ታወቀ። ከዚያም በአጭር ጊዜ ውስጥ በቆሎ ወደሚዘራባቸው የአገሪቱ ክፍሎች ተዛመተ። እናቲቱ የእሳት እራት በአንድ ሌሊት እስከ 100 ኪሎ ሜትር በነፋስ መጓዝ ትችላለች፤ በዕድሜዋም በአማካይ 1,500 ያህል እንቁላል ትጥላለች። ተባዩ ከሁሉ አብልጦ በቆሎን ይወዳል፤ ማሽላንም አይምርም። ይህም ለሐይቅና ለአምባሰል ቆላማ ቀበሌዎች ትልቅ ነገር ነው።

ማንኛውም አንባቢ ይህን ተምች ከነባሩ ተምችና ከአገዳ ቆርቁር ለይቶ ያውቀው ዘንድ ሦስት ምልክቶችን እንጠቅሳለን።

ሀ) በትሉ ግንባር ላይ ተዘቅዝቆ የቆመ ባላ የሚመስል ነጣ ያለ መስመር አለ።

ለ) ከጭራው አጠገብ በአራት ማዕዘን የተደረደሩ አራት ጥቋቁር ነጠብጣቦች ይታያሉ።

ሐ) ቅጠሎቹ ተጠቅልለው በሚወጡበት በሰብሉ መካከል ሰጋቱራ የሚመስል እርጥብ ኩስ ይገኛል።

የሕይወቱ ዑደትም መታወቅ አለበት። እንቁላሉ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይፈለፈላል፤ ትሉ ስድስት የዕድገት ደረጃዎችን አልፎ ወደ አፈር ይወርድና ሙሽሬ ይሆናል፤ ከሙሽሬው ደግሞ የእሳት እራቱ ይወጣል። በሞቃት ወቅት ይህ ሁሉ በ30 ቀን ገደማ ይፈጸማል፤ ቀዝቀዝ ባለ ጊዜ ግን እስከ ሁለት ወር ሊዘገይ ይችላል። ትሉ ገና ትንሽ ሳለ የቅጠሉን ሥጋ ፍቆ እንደ መስኮት የሚያሳይ ስስ ሽፋን ይተዋል። ሲያድግ ግን ወደ ሰብሉ መካከል ጠልቆ ይደበቃል፤ ከላይ የተረጨው መድኃኒትም በቀላሉ አይደርስበትም። እንግዲህ በዚህ ተባይ ላይ ያለው ድል ወይም ሽንፈት የሚወሰነው በመድኃኒቱ ብርታት ሳይሆን ቀድሞ በማየት ነው። ስልኩ ቦታ የሚያገኘው በዚህ ላይ ነው።

3. ስልኩ ምን ይዞ መጣ?

እስካሁን በአገራችን ከታዩት አገልግሎቶች አራቱን እንመልከት።

የመጀመሪያው ለመጤ ተምች የተዘጋጀው ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ ማለትም ፋኦ፣ በ2010 ዓ.ም. «ፋሚውስ» የተባለ መተግበሪያ አወጣ። ገበሬው ወይም የልማት ሠራተኛው ማሳውን ዞሮ የመረመረውን የሰብል ብዛትና የተጎዳውን ቁጥር ሲያስገባ፣ መተግበሪያው የጉዳቱን መጠን በመቶኛ ያሰላል፤ መረጃውም የተባዩን ስርጭት ወደሚያሳይ ካርታ ይተላለፋል። ከዚሁ ጋር በአሜሪካ የፔንሲልቫኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች «ኑሩ» የተባለ ረዳት አዘጋጁ፤ ቃሉ በስዋሂሊ ቋንቋ «ብርሃን» ማለት ነው። የስልኩን ካሜራ ወደ ቅጠሉ ሲያዞሩት፣ ያየው ጉዳት የመጤ ተምች መሆን አለመሆኑን ይናገራል። ሁለቱም ማሳ ላይ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠሩ ሆነው መዘጋጀታቸው ለገጠር አገልግሎት የታሰቡ መሆናቸውን ያሳያል።

ሁለተኛው በበረሃ አንበጣ ጊዜ የታየው ነው። ከ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ጀምሮ አገራችንን የወረረው አንበጣ ለኢትዮጵያ በ25 ዓመታት ውስጥ ከታዩት ሁሉ የከፋ ነበር። በ2013 ዓ.ም. መኸር ማሽላውና ጤፉ ለአጨዳ በደረሰበት ሰዓት በሰሜንና በደቡብ ወሎ ያደረሰውን ጥፋት አንባብያን አይዘነጉትም። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ሊይዝ፣ በአንድ ቀንም 35,000 ሰው የሚመገበውን ያህል ሊበላ ይችላል። በ2012 ዓ.ም. ፋኦ ከተጠቀሰው ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር «ኢሎከስት 3ኤም» የተባለ የስልክ መተግበሪያ አሰራጨ። መንጋውን ያየ አሳሽ ፎቶግራፉንና ሥፍራውን መዝግቦ ሲልክ፣ ወሬው በቃል ሲንከባለል ቀናት ይፈጅ የነበረውን መንገድ በአጭር ሰዓት ያልፋል፤ የርጭት አውሮፕላን ወዴት መሄድ እንዳለበትም ለመወሰን ይረዳል። እዚህ ላይ ልብ ልንል የሚገባን፣ አንበጣውን ያየው የሰው ዓይን መሆኑን ነው፤ ስልኩ የአንዱን ዓይን የብዙዎች ዓይን አደረገው።

ሦስተኛው የስንዴ ዋግ ማስጠንቀቂያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የተነሣው ቢጫ ዋግ በአገራችን ስንዴ ላይ ብርቱ ጉዳት ካደረሰ በኋላ፣ የኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት፣ የያኔው የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ፣ ዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል፣ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና የብሪታንያ የሜቴዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት ተባብረው የነፋሱንና የዝናቡን ትንበያ ከማሳ አሰሳ ጋር አዛመዱ። የዋጉ ዱቄት በነፋስ ወዴት እንደሚሄድ ለመጪዎቹ ሰባት ቀናት ተንብየው፣ ማስጠንቀቂያውን ለባለሙያዎችና በስልክ መልእክትም ለገበሬዎች አደረሱ።

አራተኛው ከሁሉ ቀላሉ ነው። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2006 ዓ.ም. በ8028 ቁጥር የጀመረው የገበሬዎች የመረጃ መስመር ዘመናዊ ስልክ አያስፈልገውም ነበር። ገበሬው ባለው ስልክ ያለ ክፍያ ደውሎ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ የተቀረጸውን ምክር በጆሮው ይሰማል። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች መደወላቸው አንድ ነገር ያስተምረናል፤ ይኸውም የቴክኖሎጂ ታላቅነት የሚለካው በዕቃው ዋጋ ሳይሆን ማንበብ ለማይችለው ሰው በመድረሱ ነው።

4. ቆጠራው እንዴት ይደረጋል?

ከላይ የተጠቀሱት መተግበሪያዎች የሚያስተምሩት ዘዴ ያለ ስልክም ሊሠራበት ይችላል። ስለዚህ የማሳ ቆጠራውን ሥርዓት እዚህ በዝርዝር እናስቀምጣለን።

በቆሎው ወይም ማሽላው በበቀለ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀምሮ በየሳምንቱ አንድ ቀን ተወስኖ ማሳው ይጎበኛል። ጧት ማልዶ ወይም ወደ ማታ ቢሆን ይመረጣል፤ ትሉ በቀን ሙቀት ይደበቃልና። ከማሳው ዳር ጥቂት እርምጃ ወደ ውስጥ ከገቡ በኋላ፣ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ወዲያና ወዲህ እየተጠማዘዙ ይሄዳሉ። በመንገዱ አምስት ቦታ ላይ ቆመው በእያንዳንዱ ቦታ ተከታታይ 10 ተክሎችን ይመረምራሉ፤ ድምሩ 50 ይሆናል። አዲስ የተበላ ቅጠል ወይም ትኩስ ኩስ የተገኘበት ተክል ብቻ «የተጎዳ» ተብሎ ይቆጠራል። የቆየ ቀዳዳ አይቆጠርም፤ ትሉ አስቀድሞ ሄዶ ወይም ሞቶ ሊሆን ይችላልና።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ከ50ው ተክል በ6ቱ ላይ ትኩስ ጉዳት ቢገኝ 12 በመቶ ነው። በ15ቱ ላይ ቢገኝ ደግሞ 30 በመቶ ይሆናል። የባለሙያዎች መመሪያ እንደሚያስረዳው፣ በቆሎው ገና ለጋ ሳለ ጉዳቱ 20 በመቶ ገደማ እስኪደርስ፣ ከፍ ካለ በኋላ ደግሞ 40 በመቶ ገደማ እስኪደርስ ድረስ ፀረ ተባይ መድኃኒት መርጨት ወጪውን አይመልስም። በቆሎ ቅጠሉ ቢበላም ዝናብና ማዳበሪያ ካገኘ መልሶ ያገግማል፤ ቅጠሉ ሁሉ ተቦድሶ ያየነው ማሳ ምርቱ ሁሉ ጠፍቷል ማለት አይደለም። እንግዲህ በመጀመሪያው ምሳሌያችን ገበሬው አይረጭም፤ የእንቁላሉን ክምችትና ትሉን በእጁ እየለቀመ ይጨፈልቃል፣ ከጥቂት ቀናት በኋላም ተመልሶ ይቆጥራል። በሁለተኛው ምሳሌ ግን፣ በቆሎው ለጋ ከሆነ፣ ሳይውል ሳያድር የልማት ሠራተኛውን ያማክራል።

5. መርዝ የመጨረሻ የሚሆነው ስለ ምንድን ነው?

«ትል ካየሁ ለምን አልረጭም? ብጠብቅስ ማሳው አያልቅብኝም?» የሚል ጥያቄ ከብዙ ገበሬ ይነሣል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። የተራበ ቤት ያለው ሰው «ታገሥ» ሲባል ምክንያቱን ማወቅ መብቱ ነው። ምክንያቶቹ አራት ናቸው።

አንደኛ፣ በማሳው ውስጥ የማናያቸው ረዳቶች አሉን። መጤ ተምቹ በገባ ሰሞን ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ ማሳዎች ትሎችን ሰብስበው ሲመረምሩ፣ አንዲት ትንሽ የአገር ተርብ በትሉ ሰውነት ውስጥ እንቁላሏን እየጣለች እንደምትገድለው አገኙ። በጥናቱ ቦታዎች በዚህች ተርብ የተያዙት ትሎች ከ33 እስከ 45 በመቶ ይደርሱ ነበር። ከባሕር ማዶ የመጣውን እንግዳ ጠላት የአገር ነፍሳት ማንም ሳያዝዛቸው መዋጋት ጀምረው ነበር ማለት ነው። ያለ ቆጠራ የሚረጭ ሰው ግን ከጠላቱ ጋር እነዚህን ወታደሮቹን ይገድላል፤ ትሉ ተደብቆ ይተርፋል፣ ተርቧ ግን በአየር ላይ ሳለች ታልቃለች። በሚቀጥለው ወር የሚፈለፈለው ትል የሚገጥመው የለም።

ሁለተኛ፣ አንድን መድኃኒት ደጋግሞ መርጨት ተባዩን ያለማምደዋል። ደካማው ይሞታል፣ ብርቱው ይተርፋል፣ የተረፈውም ይራባል። መጤ ተምች በትውልድ አገሩ ብዙ ዓይነት መድኃኒቶችን በመልመድ የታወቀ ነው።

ሦስተኛ፣ የሰው ጤና አለ። ያለ ጓንትና ያለ አፍ መሸፈኛ፣ ነፋስን ፊት ለፊት ተቀብሎ የሚረጭ ሰው መርዙን በገዛ አካሉ ላይ ይረጫል። ከተረጨ በኋላ መጠበቅ ያለባቸው ቀናት ሳያልፉ የተሸለቀቀ እሸት ለልጆች ምግብ ሊሆን አይገባውም። የመርዙ ባዶ ዕቃ በምንም መንገድ ቢታጠብ ለውሃ ወይም ለዘይት መያዣ ሊውል አይችልም።

አራተኛ፣ ንብና ዓሣ አሉ። አበባ በያዘ ሰብል ላይ በጠራራ ፀሐይ የሚደረግ ርጭት የጎረቤትን ቀፎ ባዶ ያስቀራል፤ ስለ ሐይቁም አስቀድመን ተናግረናል።

ከመርዝ በፊት የሚሞከሩ ዘዴዎች ብዙ ናቸው። በአንድ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች በተቀራረበ ጊዜ ቢዘሩ ተባዩ ከማሳ ወደ ማሳ እየተሸጋገረ ለጋ ሰብል አያገኝም። በቆሎን ከባቄላና ከመሰል ጥራጥሬ ጋር አሰባጥሮ መዝራት፣ በእጅ መልቀም፣ አመድ ወይም ደቃቅ አፈር በተክሉ መካከል መነስነስ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ገበሬዎች ሠርተውባቸዋል። ከሁሉ ይልቅ ለወሎ የሚስማማ የሚመስለን ግን በኬንያ የተቀመረው «መግፋትና መሳብ» የተባለው ዘዴ ነው። በሰብሉ መስመሮች መካከል ዴስሞዲየም የተባለ የመኖ ተክል ይዘራል፤ ሽታው እናቲቱን የእሳት እራት ይገፋል። በማሳው ዙሪያ ደግሞ እርሷን የሚስብ የመኖ ሣር ይተከላል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት በምሥራቅ አፍሪካ በዚህ ዘዴ የመጤ ተምቹ ትል ብዛት ከ80 በመቶ በላይ መቀነሱን አሳይቷል። ዴስሞዲየሙ አቀንጭራንም ያዳክማል፤ ሁለቱም ተክሎች ለከብት መኖ ይሆናሉ። ሆኖም ዘሩን ማግኘትና ከብት እንዳይገባበት መጠበቅ የግድ ስለሚሆን፣ ጎረቤታሞች ተማክረው ካልያዙት በቀር በአንድ ሰው ብቻ የሚጸና አይደለም።

6. ስልኩ የማይችለው

እውነቱን ሙሉ ለማድረግ የመሣሪያውን ጉድለትም መናገር ይገባናል።

አስቀድሞ፣ ስልክ ይሳሳታል። ከላይ የጠቀስነው ኑሩ በታንዛኒያ በካሳቫ ተክል ላይ ሲፈተን፣ አንድ ቅጠል ብቻ አይቶ በትክክል የለየው 65 በመቶ ያህሉን ነበር፤ ከአንድ ተክል ስድስት ቅጠል ሲያሳዩት ግን ትክክለኛነቱ ከ74 እስከ 88 በመቶ ከፍ አለ። በዚያው ፈተና ከልማት ሠራተኞችና ከገበሬዎች የተሻለ ለይቷል። ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው፤ መሣሪያውን መናቅ ተገቢ አይደለም፣ በአንድ ቅጠል ፎቶግራፍ ተማምኖ ወደ መድኃኒት ሱቅ መሮጥም ተገቢ አይደለም። ብዙ ቅጠል፣ ብዙ ተክል፣ ብዙ ቀን ማየት ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ መስመር ይቋረጣል። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወራት በደሴና በአካባቢዋ ስልክ ጠፍቶ እንደነበር፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ተምች ግን መስመር እስኪከፈት አይጠብቅም። ስለዚህ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ መተግበሪያ ከማይሠራው ይመረጣል፤ ከሁለቱም በላይ ደግሞ በገበሬው ጭንቅላትና በደብተሩ የተያዘ ዕውቀት ይመረጣል።

ሦስተኛ፣ ዘመናዊ ስልክ ሁሉም ቤት የለም፤ ባለበትም ቤት ብዙ ጊዜ በአባወራው ወይም በወጣቱ ልጅ እጅ ነው። ሰብሉን እያረመች ትሉን ከሁሉ ቀድማ የምታየው ሴት ግን ስልክ ላይኖራት ይችላል። የእርሷ ዓይን ያልተካተተበት ማስጠንቀቂያ ዘግይቶ የሚደርስ ማስጠንቀቂያ ነው።

አራተኛ፣ ምክር የሚሰጠውና መድኃኒት የሚሸጠው አንድ በሆነ ጊዜ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በስልክም ይሁን በሱቅ፣ «ግዛ» የሚለው ቃል «ቁጠር» ከሚለው ቀድሞ ከመጣ ነገሩን ባለሙያ ሳያማክሩ መቀበል አይገባም። በአገራችን ፀረ ተባይ መድኃኒት ሳይመዘገብ እንዳይሸጥ የሚከለክል የመድኃኒት ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ፣ ቁጥር 674/2002፣ ወጥቷል፤ ገበሬው በሚገዛው ዕቃ ላይ ስሙንና የአጠቃቀም መመሪያውን መጠየቅ መብቱ ነው።

7. በየመንደሩ ሊደረግ የሚችለው

ከዚህ ሁሉ በኋላ «ታዲያ ምን እናድርግ?» ለሚል ሰው የሚከተለውን እናሳስባለን። ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ነው።

በወሎ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድነት የሚሰባሰብበት ቅሬ አለ። ቅሬ ሬሳ ለመቅበርና ሐዘንተኛን ለማጽናናት የቆመ ማኅበር ቢሆንም፣ ሰው የሚተማመንበትና ወሬ በአንድ ጊዜ ለሁሉ የሚዳረስበት ጉባኤ ነው። በየቅሬው ዘመናዊ ስልክ ያለው አንድ ወጣትና ማሳ የማየት ልምድ ያላቸው ሁለት ሰዎች፣ አንዷ ሴት ብትሆን፣ ለሰብል ቆጠራ ሊመረጡ ይችላሉ። እነዚህ ሦስቱ ከበቆሎው መብቀል ጀምሮ እስከ መስቀል ድረስ በየሳምንቱ ጥቂት ማሳዎችን በተሰጠው ሥርዓት ይቆጥራሉ፤ ውጤቱን በደብተር ይጽፋሉ፤ ቅሬው በተሰበሰበ ጊዜ ያነባሉ፤ ለቀበሌው የልማት ሠራተኛም ያስታውቃሉ። ወጣቱ የመድኃኒቱን መመሪያ ለማያነቡት ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብላቸዋል። ስልክ በጠፋ ጊዜ ደብተሩ ይቀራል፤ ደብተሩ በጠፋ ጊዜ ልምዱ ይቀራል።

የደብተሩን ነገር እንደ ተራ ነገር አንቁጠረው። ሐይቅ የመጻሕፍት አገር ነው። በ13ኛው ምዕት ዓመት በአባ ኢየሱስ ሞዓ ጊዜ የገነነው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም መጻሕፍት የሚጻፉበትና የሚጠበቁበት ቤት ነበር። በዚያ የተጻፈው ከጸሐፊዎቹ ዕድሜ አልፎ እኛ ዘንድ ደርሷል። ዘንድሮ በየትኛው ሳምንት፣ በየትኛው ተዳፋት ላይ፣ ስንት ተክል እንደተጎዳ የተጻፈ አንድ ገጽም ለከርሞው ገበሬ እንደዚሁ ይተርፈዋል። የመጤው ተባይ ብርታት ወቅቱን አለማወቃችን ነበር፤ የሁለትና የሦስት ዓመት መዝገብ ይህን ብርታቱን ይወስድበታል።

ከዚህ ጋር መረጃ የሚሰበስቡ ድርጅቶችና መሥሪያ ቤቶችም አንድ ግዴታ አለባቸው። ገበሬው ከማሳው የላከው ቁጥር በሩቅ አገር ካርታ ላይ ቀለም ሆኖ ብቻ ሊቀር አይገባውም፤ ትርጉሙ በሚገባው ቋንቋ ተመልሶ ሊደርሰው ይገባል። መላክ ብቻ ከሆነ ይሰለቻል፤ ተመልሶ ሲጠቅመው ግን ማንም ሳያስገድደው ይቆጥራል።

ማጠቃለያ

የተቀናጀ የተባይ መከላከል የሚባለው ትምህርት በጥቂት ቃላት ይህ ነው፦ ጤነኛ ሰብል መዝራት፣ ማሳን አዘውትሮ መጎብኘት፣ ቆጥሮ መወሰን፣ የተፈጥሮ ረዳቶችን መጠበቅ፣ መርዝን ግድ በሆነ ጊዜ ብቻና በጥንቃቄ መጠቀም። የእጅ ስልክ ከእነዚህ አንዱንም አይተካም፤ ሁሉንም ግን ሊያፋጥን ይችላል። ምድሪቱና ውሃው ከአባቶቻችን የተረከብናቸው፣ ለልጆቻችንም የምናስረክባቸው አደራዎች ናቸው፤ አደራ ደግሞ የሚጠበቀው ነቅቶ በማየት ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ባለፈው ክረምት በአካባቢያችሁ ሰብል ላይ የታየው ተባይ የትኛው ነበር? ከነባሮቹ ነው ወይስ ከመጤዎቹ? በምን ለያችሁት?

2. ከ50 ተክል በ9ኙ ላይ ትኩስ ጉዳት ቢገኝ በመቶኛ ስንት ይሆናል? በቆሎው ለጋ ቢሆን ምን ትወስናላችሁ?

3. በቅሬያችሁ ለሰብል ቆጠራ ማንን ትመርጣላችሁ? ስልክ የሌላቸው ሴቶች ያዩትን እንዴት ታሰማላችሁ?

4. በተዳፋት ላይ የሚረጨው መድኃኒት በመጨረሻ የሚደርሰው ወዴት ነው? ይህን ለመቀነስ ጎረቤታሞች ተስማምተው ሊያደርጉት የሚችሉት ምንድን ነው?